ሰብለ ወንጌል ዡልዬት አይደለችም

«ፍቅር እስከ መቃብር የኢትዮጵያ ሮሜዎና ዡልዬት ነው» የሚለውን ቃል ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። መምህራን በክፍል ውስጥ ይናገሩታል፤ ተማሪዎች በፈተና ወረቀት ላይ ይጽፉታል፤ በየመሥሪያ ቤቱ ከምሳ በኋላ ስለ መጻሕፍት የምንጫወት ሰዎችም፣ እኔን ጨምሮ፣ እንደ ተረጋገጠ ነገር ስንቀባበለው ኖረናል። ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። የአገራቸውን መጽሐፍ ዓለም ካከበረው መጽሐፍ ጎን ቢያቆሙት ያከበሩት ይመስላቸዋል። እኔ ግን ይህ አነጋገር ለደራሲው ለክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ምስጋና አይደለም፤ የመጽሐፉን ምንጭ የሚሰውር፣ ብዕር ያነሣውንም ወጣት መንገድ የሚያስት ነው እላለሁ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ላጠገብ አድርገን እንያቸው። የሼክስፒር ተውኔት በክቡር ከበደ ሚካኤል ብዕር በአማርኛ ከቀረበልን ብዙ ዘመን ስለ ሆነው ነገሩ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። በቬሮና ከተማ ሁለት ታላላቅ ቤቶች አሉ። በክብር እኩል ናቸው፤ በሀብትም በስምም አንዱ ከሌላው አይተናነስም። የሚለያቸው አሮጌ ጠብ ነው፤ የጠቡንም መነሻ ተመልካቹ አይነገረውም። እንግዲህ ጠቡን ከመካከል ብናወጣው የሮሜዎ አባት ለልጁ ዡልዬትን ቢጠይቅ ነውር ነው የሚል ሰው አይገኝም። እንዲያውም ለሁለቱም ቤት የተመቸ ጋብቻ ይሆን ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ጎጃም እንምጣ። በበዛብህ ወላጆችና በፊታውራሪ መሸሻ ቤት መካከል ምን ጠብ አለ? ምንም የለም። የማንኩሳው ቦጋለ መብራቱ ፊታውራሪን ለመጥላት የሚያበቃ ቅርበት እንኳ የለውም። በዛብህም ወደ ፊታውራሪ ቤት የገባው እንደ ጠላት አጥር ዘሎ አይደለም፤ ልጃቸውን እንዲያስተምር ተጠርቶ፣ በበሩ በኩል ነው። ፊታውራሪ በጠላትነት አያዩትም። ከጠላትነት የባሰ ነገር አለ፤ ይህ አስተማሪ የሰብለ ወንጌል ባል ሊሆን ይችላል የሚል አሳብ በአእምሯቸው ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ጠብ ቢሆን ሽማግሌ ያስታርቀዋል፤ ደም ቢፈስም ጉማ ተከፍሎ ይበርዳል። አጥንት ግን የሚያስታርቀው ሽማግሌ የለም።

«አጥንት» የምንለው ቃል ወደ ሌላ ቋንቋ ሲዛወር ወዙን ያጣል። በአገራችን ግን ሽማግሌ ልኮ የሚያውቅ፣ ወይም ሽማግሌ ተልኮበት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ትርጉሙን ያለ መዝገበ ቃላት ያውቀዋል። ልጅ ሲዳር እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል። ቈጠራው ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው በአደባባይ የሚነገረው ነው፤ ዘመድ ከዘመዱ እንዳይጋባ መጠበቅ። ሁለተኛው በጓዳ የሚንሾካሾኩበት ነው፤ በመካከል ሸማኔ ወይም ቀጥቃጭ፣ ፋቂ ወይም ሸክላ ሠሪ፣ ወይም ባሪያ የነበረ ሰው እንዳይገኝ መመርመር። ፊታውራሪ መሸሻ የዚህ የሁለተኛው ቈጠራ ምርኮኛ ናቸው። ሞንታጉና ካፑሌት ይህን ቢሰሙ አይገባቸውም፤ የማንኩሳ እረኛ ግን ይገባዋል።

ልዩነቱ በዚህ ብቻ አያበቃም። ዡልዬት ገና አሥራ አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። ታሪኳ እሑድ ይጀምራል፤ ሐሙስ ያልቃል። ያያሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ይጋባሉ፣ ይሞታሉ። የሚገድላት ጥድፊያ ነው። የሰብለ ወንጌልን ደጅ ግን እስቲ እንመልከት። ሽማግሌ ይመጣል፤ ይመለሳል። ሌላ ይመጣል፤ እርሱም ይመለሳል። ለፊታውራሪ መሸሻ ልጅ የሚበቃ አጥንት በአገሩ ጠፍቶ፣ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ፣ እኩዮቿ ወልደው ሲስሙ፣ እርሷ በአባቷ ክብር ውስጥ እንደ ተቈለፈ ዕቃ ተቀምጣ ትቀራለች። «ቁሞ ቀር» የሚለው የአገራችን ቃል ምን ያህል ጨካኝ እንደ ሆነ የሚያውቅ አንባቢ፣ ይህች ሴት በዛብህን ስትወድ የወደደችው መልኩንና ድምፁን ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል። በዛብህ ወደዚያ ቤት ከመጡት ወንዶች ሁሉ አጥንት ሊያስቈጥር ሳይሆን ፊደል ሊያስቈጥር የመጣ የመጀመሪያው ሰው ነው። ዡልዬትን የገደላት ጥድፊያ ከሆነ፣ ሰብለ ወንጌልን ያደረቃት መጠበቅ ነው። እነዚህን ሁለት ሴቶች በአንድ ስም መጥራት ትኩሳትንና ረኃብን፣ ሁለቱም ይገድላሉ ብሎ፣ አንድ በሽታ ነው እንደ ማለት ይሆናል።

ታዲያ ደራሲው ይህን ሁሉ ከየት አመጡት? ይህን ጥያቄ የሮሜዎና የዡልዬት ወዳጆች አይጠይቁትም፤ መልሱን አስቀድመው ከመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አውርደውታልና። እኔ ግን ዋናው ጥያቄ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወለዱ። በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊውን ትምህርት የቀጠሉት። እንግዲህ በመጽሐፉ ውስጥ የምናገኘው ዲማ ከካርታ ላይ የተለቀመ ስም አይደለም። ደራሲው በእግራቸው የረገጡት፣ በልጅነት ሆዳቸው የተራቡበት አገር ነው።

ይህን ረኃብ በቀላሉ አንለፈው። የቆሎ ተማሪ የሚባለው ልጅ ከአባት ከእናቱ ቤት ወጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል። ውሻ ይከተለዋል። ያገኘውን ቍራሽ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለስና ሌሊቱን በቃል ጥናት ያሳልፈዋል። ይህ ልጅ ስለ ሰው ቤት ብዙ ነገር ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን ከደጅ ነው። ከበሩ ሆኖ የባለጸጋውን ቤት ጭስ ያሸታል፤ የእመቤቲቱን ድምፅ ይሰማል፤ የልጂቱን ጥላ በመጋረጃ በኩል ያያል። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሲመለከት ዐይኑ ላይ ያለው ትሕትናና ሥጋት ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ቢኖር፣ መልሱ ከዚያ ከደጁ ነው። ያን ደጅ ያልቆመበት ሰው እንዲህ ያለውን አፍቃሪ ሊፈጥረው አይችልም፤ ቢፈጥረው እንኳ በአንድ እጁ አበባ አስይዞ፣ በሌላው እጁ ደረቱን እያስመታ ያቀርብልናል።

የቅኔው ቤት ደግሞ አለ። ጎጃም በዋሸራና በጎንጅ፣ በዲማም የታወቀችበት ትምህርት ተማሪውን ሁለት ነገር በአንድ ቃል መናገር ያስተምረዋል። ሰሙ ለአድማጩ ሁሉ ነው፤ ወርቁ ለሚገባው ነው። ወንድ ልጅ ከባለቤቱ ልጅ ጋር አንድ ቃል በግልጽ ቢናገር ጅራፍ በሚያስከትልበት ቤት ውስጥ ከዚህ የበለጠ የፍቅር ትምህርት ቤት ከየት ይገኛል? ሮሜዎ በመስኮት ሥር ቆሞ ልቡን ያፈስሳል፤ በዛብህ ግን እንዲህ ማድረግ አይችልም። ቋንቋው የታመቀ ነው፤ ዝምታው ከንግግሩ ይበልጣል። ይህን ዝምታ አንዳንድ ተቺዎች የገጸ ባሕርይ ድክመት ብለው ሲጽፉ አይቻለሁ። እኔ ግን አገሩን አለማወቅ ነው እላለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ብፅአቱ ነው። ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ በኀዘን ላይ ኀዘን ያዩ ባልና ሚስት ናቸው። ይህ ልጅ ቢተርፍላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ተሳሉ፤ ልጁም ተረፈ፤ ስለዚህ በዛብህ ከልጅነቱ ጀምሮ የራሱ አይደለም። በቬሮና ሁለቱን ልጆች የሚከለክላቸው አባት ነው። አባት ደግሞ ሊሸሹት፣ ሊያታልሉት፣ ሊሞትም ይችላል። በዛብህን የሚከለክለው ግን እናቱ በጭንቅ ሰዓት ከእግዚአብሔር ጋር የተዋዋለችው ቃል ነው። ይህን ውል ማፍረስ ማለት የወለደችህን ሴት ጸሎት ማፍረስ ማለት ነው። በአገራችን ስንት ሰው በእናቱ ስእለት ስም ተጠርቶ፣ በእናቱ ስእለት ጥላ ሥር ያድጋል! የደራሲው ጥበብ ይህን በየቤቱ የሚገኘውን ነገር አንሥተው በሁለት ወጣቶች መካከል ማኖራቸው ነው። መጽሐፉ በበዛብህና በሰብለ ወንጌል መገናኘት ሳይሆን በወላጆቹ ታሪክ መጀመሩም በከንቱ አይደለም። ፍቅሩን የሚያፈርሰው ነገር ከፍቅሩ በፊት ተዘርቷል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1928 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጦር ጋር በሽሬ ግንባር ዘመቱ፤ በኋላም በጠላት እጅ ወድቀው ሰባት ዓመት ገደማ በኢጣልያ አገር ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተንና በኒው ዮርክ አገራቸውን ወክለው ሠሩ፤ በለንደንም አምባሳደር ሆኑ። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ልብ በለው። እኒህ ሰው በዡልዬት አገር እስረኛ፣ በሼክስፒር አገር አምባሳደር ሆነው ኖረዋል። የውጭ አገር ፍቅር ቢያሰኛቸው ቅርባቸው ነበረ። ነገር ግን በ1958 ዓ.ም. ለአንባቢ ያቀረቡት መጽሐፍ የሚናገረው ስለ ማንኩሳና ስለ ዲማ ነው። የራቀ ሰው ቤቱን አብልጦ ያያል ይባላል፤ እኔ በዚህ አልምልም፤ ርቆ ሄዶ ቤቱን ፈጽሞ የረሳም ብዙ ነውና። ስለ እኒህ ሰው ግን እውነት ነው።

ተከራካሪዬ በዚህ ጊዜ ዝም እንደማይል ዐውቃለሁ። «ሼክስፒር ራሱ ቬሮናን ማየቱን የሚያስረዳ ነገር የለም፤ ታሪኩንም ከራሱ ቤት አላገኘውም፤ ታዲያ ያላየውን አገር ፍቅር ጽፎ ዓለምን ካስለቀሰ፣ ቤት ቤት የምትለው ለምንድር ነው?» ይለኛል። ይህ ጥሩ ክርክር ነው፤ በትከሻ የሚገፋ አይደለም። እውነት ነው፤ ታሪኩ ከኢጣልያ የመጣ ነው። አርተር ብሩክ የሚባለው እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1562 በረጅም ግጥም አሳትሞት ነበር፤ ሼክስፒርም ከዚያ ወሰደው። ሆኖም የወሰደውን ነገር ምን እንዳደረገው እንመልከት። በተውኔቱ ውስጥ ሁለቱን ልጆች ያጠፋቸው ያልደረሰ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ያልደረሰው ደግሞ ተሸካሚው መነኵሴ ወረርሽኝ ገብቶበታል ተብሎ በተጠረጠረ ቤት ውስጥ ስለ ተዘጋበት ነው። ይህ ነገር በቀደመው ግጥም ውስጥም አለ። ነገር ግን ተውኔቱን ያዩ የለንደን ሰዎች በ1592ና በ1593 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወረርሽኝ ገብቶ ቲያትር ቤቶቻቸው ሲዘጉ፣ የጎረቤታቸው በር በላዩ ላይ ሲታሸግ በዐይናቸው ያዩ ሰዎች ነበሩ። ያ የታሸገ በር ለእነርሱ የቬሮና በር አልነበረም። እንግዲህ ሼክስፒርም ቢሆን ስሙን ከውጭ ተበደረ እንጂ ፍርሃቱን ከቤቱ አወጣው። የእኛ ወጣቶች የሚያደርጉት ግን ተቃራኒውን ነው፤ ስሙን ከቤት ያወጣሉ፣ ፍርሃቱን ከውጭ ይበደራሉ።

በእኛም ቋንቋ ቢሆን ቤት የሌለው ፍቅር ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጦቢያ፣ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ታተመ። አማርኛው እጅግ ያማረ ነው፤ ዛሬም ቢሆን አንዳንዱን ገጽ ደጋግሜ አነበዋለሁ። ጦቢያ በወንድ ልብስ ተሰውራ ትሄዳለች፤ ንጉሡ ይወዳታል፤ በመጨረሻም ጋብቻ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሆነበትን አውራጃ፣ የንጉሡንም ዘመን አንባቢው አይነገረውም። ውጤቱም ለሁሉ ይታያል። ጦቢያን እናደንቃታለን፤ ስለ እርሷ ግን የሚጨነቅ ሰው አላጋጠመኝም። አፈወርቅ የዘጌ ሰው ነበሩ። የጣና ዳር ቡና፣ የደሴቶቹ ገዳማት፣ ታንኳው፣ ገበያው፣ ይህ ሁሉ በእጃቸው ነበረ፤ በፍቅሩ ታሪክ ውስጥ ግን አላስገቡትም። ይህን የምለው ቀዳሚውን ሰው ለመንቀፍ አይደለም፤ መንገድ የጠረገ ሰው ቤት አልሠራም ተብሎ አይወቀስም። ከጦቢያ እስከ ሰብለ ወንጌል ያለው ርቀት የቋንቋ ወይም የብልሃት ሳይሆን የአድራሻ ርቀት መሆኑን ለማሳየት ያህል ነው።

እናቴ ፊደል አልቈጠረችም። የፍቅር እስከ መቃብርን ታሪክ የሰማችው ከሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ሮሜዎን ከቶ አታውቀውም፤ ቬሮናም የሰው ስም ይሁን የአገር ስም ለእርሷ አንድ ነው። ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ሲነሣ ግን «እሳቸውን እኮ ዐውቃቸዋለሁ» ትላለች፤ ቀጥላም በልጅነቷ በመንደሯ የነበሩትን አንድ ሰው ከነአካሄዳቸው፣ ከነፎከራቸው ታወርድልኛለች። ይህን ያህል የምታውቀውን መጽሐፍ እኛ የተማርን ነን ባዮች ልናስረዳት ስንፈልግ ከባሕር ማዶ ምስክር እንጠራለን።

ይህ የ«ዐውቃቸዋለሁ» ነገር የስሜት ብቻ አይደለም፤ የመሬትም ነገር አለበት። የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት በአየር ላይ አልቆመም። ሽማግሌ የሚመልሱበት፣ ግብር የሚያበሉበት፣ በበቅሎ የሚቀመጡበት አቅም ከገበሬው ጎተራ የሚመጣ ነው። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት እንቢ ባሉ ጊዜ የተናወጠው የግብር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሰብለ ወንጌል ቍልፍ የተሠራበት ብረት ነው። ደራሲው ፍቅሩንና ጉልቱን በአንድ ቤት ውስጥ አኖሯቸው፤ በእውነተኛው ኑሮም በአንድ ቤት ነበሩና። መጽሐፉ በታተመበት በዚያው በ1958 ዓ.ም. የጉልት መብት በአዋጅ ተሻረ። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ተነሣ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ታወጀ። ልብ ወለዱ ትንቢት ነበረ ለማለት አልደፍርም፤ ደራሲዎች ነቢያት ናቸው የሚለው ወሬ ብዙ ከንቱ ግጥም አስጽፏል። ነገር ግን ስለ አንዲት ልጃገረድ ትዳር የሚናገር መጽሐፍ አገሩ ሊነካው የፈራውን ቍስል ሲነካ የቻለው፣ ልጃገረዲቱን ከአባቷ ጎተራ ሳይለይ ስለ ጻፋት ነው። «የኢትዮጵያ ሮሜዎና ዡልዬት» ስንል የምንጥለው ይህን ሁሉ ነው። ጎተራውን፣ ግብሩን፣ ብፅአቱን፣ አኮፋዳውን ጥለን ሁለት ሬሳ እናስቀራለን።

የሬሳው ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ ወዳጆቼ የሚቈጡበትን አንድ ነገር ልናገር። መጽሐፉን አከብራለሁ ማለት እንከን የለውም ማለት አይደለም። ጉዱ ካሣ አንዳንድ ጊዜ ሰው መሆኑ ይቀርና መድረክ ላይ የወጣ ተናጋሪ ይሆናል፤ እርሱ ሲናገር ታሪኩ ቆሞ ይጠብቀዋል። ደግሞም ወደ መጨረሻው፣ ሞት በሞት ላይ ሲደራረብና ፍቅረኞቹ ወደ መቃብር ሲገሰግሱ፣ እጣ ፈንታው ከአገሩ ሥርዓት ይልቅ በአጋጣሚ እጅ የገባ ይመስለኛል። እንግዲህ ይታያችሁ፤ መጽሐፉ ሮሜዎንና ዡልዬትን በእውነት የሚመስልበት ስፍራ ቢኖር ይህ መቃብሩ ነው፤ እኔ ደግሞ ከመጽሐፉ ሁሉ አነስተኛ ሆኖ የማገኘው ይኸንኑ ስፍራ ነው። አንባቢ ሁሉ የሚያለቅስበት ገጽ ላይ እኔ ዐይኔ ደረቅ ነው። እኔን የሚያስለቅሰኝ ሽማግሌዎቹ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ ተመልሰው ሲሄዱ፣ ልጂቱ ጓዳ ሆና የበቅሎዎቹን ኮቴ ስትሰማ ይታየኛል ስል ነው።

«የፍቅር ልብ ወለድ የሥራ ፈት ጽሑፍ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኛ አይገባም» ለሚሉትም አንድ ቃል አለኝ፤ ከዚያ በላይ አይገባቸውም። ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርና ሚኒስትር ነበሩ። በዓሉ ግርማም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለ ሥልጣን ነበረ።

በዓሉን ካነሣሁ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር ልግለጥ። «ከቤት የበቀለ ፍቅር» ስል ሁሉም ሰው ስለ ገጠርና ስለ ባላባት ዘመን ይጻፍ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለው መልክ ብቻ ያለው ጽሑፍም በዝቷል፤ ገጹ ላይ ጋቢ፣ ጀበናና ዋርካ ይደረደርና ሰዎቹ ግን የትም የሌሉ ሰዎች ይሆናሉ። ቤት ማለት ዕቃ አይደለም። በዓሉ ግርማ የኢሉባቦር ተወላጅ ሲሆን በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው ኦሮማይ ውስጥ የፀጋዬንና የፊያሜታን ፍቅር ያኖረው በአስመራ ከተማ፣ በቀይ ኮከብ ዘመቻ መካከል ነው። አስመራ የተወለደበት ቤት አይደለም፤ ነገር ግን በዘመቻው ውስጥ ነበረበት፤ የከተማይቱን ቡና ቤት፣ ሌሊቱን፣ የሰዉን ጥርጣሬ በዐይኑ አየ። ሁለቱ ሰዎች የሚለያዩት እግዜር ስለ ፈቀደ አይደለም፤ በዚያች ከተማ በዚያ ዓመት ማንም ማንንም ማመን ስለማይችል ነው። እንዲህ ያለውን ከተማ ያወቀ ሰው ቤቱን አግኝቷል።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን ልምጣ፤ ያነሣሣኝ ነገርም ከዚህ ስለሆነ። በመሥሪያ ቤታችን ባልደረባዬ የሆነች አንዲት ወጣት፣ ልብ ወለድ መጻፍ እንደምትወድ ሰምቼ፣ ጽሑፏን እንድታሳየኝ ለመንኋት። ሠላሳ ገጽ ያህል ሰጠችኝ። አጻጻፏ የሚያስቀና ነው። ልጂቱ በሐይቅ ዳር በሚገኝ ሆቴል በዝናብ ውስጥ ቆማ ፍቅረኛዋን ትጠብቃለች፤ እርሱም አይመጣም። ለምን እንዳልመጣ አይነገርም። አባት የላትም፤ እናትም የላትም፤ የቤት ኪራይ አትከፍልም፤ ከማን እንደ ተወለደች የሚጠይቃት ሰው የለም። በመጨረሻ መድኃኒት ጠጥታ ትሞታለች፤ እርሱም ደርሶ በሬሳዋ ላይ ይወድቃል። ከታች በእርሳስ «የዘመናችን ሮሜዎና ዡልዬት» የሚል ንዑስ ርእስ ጽፋበታለች። ይህን ርእስ ያስተማርናት እኛ ነን።

ጽሑፉን ስመልስላት አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት። «እነዚህ ልጆች ቢጋቡ ማን ይቈጣል?» አልኋት። ጥቂት አሰበችና «ማንም» አለች። ከዚያም ወሬ ለማሳመር ያህል ይመስለኛል፣ ስለ ታላቅ እኅቷ ታጫውተኝ ጀመር። እኅቷ በአንድ ትልቅ ከተማ የምትኖር፣ ደመወዝተኛ፣ የተማረች ሴት ናት። ከምትወደው ሰው ጋር ቀለበት አስረው፣ አዳራሽ ተከራይተው፣ ጥሪው ከታደለ በኋላ፣ የልጁ ዘመዶች አገር ቤት ሰው ልከው ጠየቁ፤ ቅድመ አያቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ የሚል ወሬ ይዘው ተመለሱ። ሠርጉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፈረሰ። ልጁ አልቅሷል፤ ግን እናቱን እንቢ ለማለት አልቻለም። እኅቷ እስከ ዛሬ ለሠርጉ የገዛችውን ጫማ ከሣጥኑ አላወጣችውም፤ እናታቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ሄዳ ጀበና ባየች ቍጥር ፊቷን ታዞራለች።

«ታዲያ ይህን ለምን አትጽፊውም?» ብላት በመገረም አየችኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ የቤታችን ጉዳይ ነው እንጂ ልብ ወለድ አይደለም» አለችኝ።

ሠላሳውን ገጽ ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ በኮሪደሩ ላይ ተገናኝተናል፤ ሁለቱንም ጊዜ «እየጻፍሁ ነው» ብላኛለች። ገና አላሳየችኝም።